ያልተዘጋችው ዲስክ

ጋሽ ዞርበሉ የሚለውን ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ሰርግ ላይ ካሜራውን ትከሻው ላይ ሰቅሎ፣ ሙሽሮቹ ፊት የተገተረውን ዘመድ ሁሉ «ዞር በሉ፣ እባካችሁ ዞር በሉ» እያለ ሲገፋ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። የሙሽራዋን አባት ሳይቀር ዞር አስብሏል ይባላል። ከሱቄ ጎን ያለችው ልብስ ሰፊ፣ የሰፈሩን ወሬ ከጨርቁ እኩል የምትቀድና የምትሰፋ ሴት ናት፤ አንድ የሙሽራ አጎት በዚህ ተቀይሞ ከአዳራሹ እንደወጣ፣ የተመለሰውም ምግብ መቅረቡን ሲሰማ እንደሆነ ምላ ትናገራለች። እሷ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም። ይህ ግን ምስክርነቷን አጉድሎት አያውቅም።

በሁሉም ሰርግ ላይ ከጋሽ ዞርበሉ ግራ ትከሻ ኋላ አንዲት ሴት ትቆማለች። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ መብራት ይዛለች። ሚስቱ ናት። እናቷ ያወጣችላት ስም አለ፤ ሰፈሩ ግን ባለመብራቷ ነው የሚላት። መብራቱ የዱሮ ዓይነት ስለሆነ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ሙሽሮቹን የሚያልባቸው ደስታው ሳይሆን እሱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ያንን ዘንግ ይዛ ቆመች። ሰው ሁሉ ያውቃታል፣ ግን መልኳ ምን ይመስላል ብትለው ሰው ሁሉ ይቸገራል። መብራት የያዘ ሰው አይታይማ። ወደሱ ዞር ብለህ ብታይ ዓይንህ ይጠቁርብሃል እንጂ ሌላ ነገር አታገኝም።

ባለመብራቷ ኩላሊቷን ታማ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሞተች። ለቅሶ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ፎቶ ሲፈለግ ጠፋ። የራሳቸውን ሰርግ ፎቶ ድሮ ጣራው አፍስሶ አበላሽቶታል። የሁለቱም ስልክ ቁልፍ የሚጫን፣ ካሜራ የሌለው ዓይነት ነው። የሺህ ሙሽራ መልክ ያለፈበት ቤት ውስጥ የእሷ አንድ እንኳ የለም። በመጨረሻ መታወቂያዋ ላይ ያለችው፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክለዋ ተገኘችና እኔው ሱቅ መጥታ ተለጠጠች። ስትለጠጥ ማኅተሙም አብሮ ተለጠጠ፤ ግማሽ አገጯ ላይ አርፏል።

«እስረኛ አስመስላችኋታል» አለች ልብስ ሰፊዋ። ቀስ ብላ የተናገረች መስሏታል።

«የሰው ሚስት ሲቀርጽ ኖሮ የራሱን ረሳት» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

እኔም ከሚያወሩት አንዱ ነበርኩ፤ አልዋሽም። ጋሽ ዞርበሉ ሦስት ወንበር አልፎ ተቀምጦ ነበር። ጆሮው ደግሞ ደህና ነው።

አራት ወር ገደማ አለፈና አንድ ጠዋት ሱቄ መጣ። ሱቄ ማለት አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ እግሯ የተጠገነች የደንበኛ ወንበር ናት። ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩት እንደ ሌላው ሱቅ በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው። ይሄን ያደረግኩት አዋቂ ሆኜ አይደለም። ደንበኛው ሁሉ በፍላሹ ቫይረስ እያመጣ ሲያስመርረኝ፣ ቫይረስ ብዙ የማይደፍረው አለ ሲሉ ሰምቼ ጫንኩት፤ ከዚያ እያበላሸሁ፣ ያበላሸሁትን እየጠገንኩ ለመድኩት። አስተማሪ ቢኖረኝ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ያባርረኝ ነበር።

ጋሽ ዞርበሉ ከኮቱ ኪስ የመነጽር ቤት አወጣ። ከውስጡ በመሀረብ የተጠቀለለች ዲስክ ወጣች። ከተለመደው ዲቪዲ ታንሳለች፤ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ብታክል ነው። ጠርዟ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎባት፣ ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ «አልሞላም» ተብሎ ተጽፏል።

«እዚች ውስጥ አለች» አለኝ።

«ማን?»

ጥያቄው ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ።

«ተቀመጥ እስቲ ጋሼ።»

ተቀመጠና ነገረኝ። ነገሩ የሆነው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ያኔ እነዚህን ትንንሽ ዲስኮች የምትበላ ካሜራ ነበረችው፤ አንዷ ዲስክ ሠላሳ ደቂቃ ትይዛለች። አንድ ሰርግ አልቆ፣ ሰዉ ወጥቶ፣ አዳራሹ እየተጠረገ ሳለ ባለመብራቷ ጫማዋን አውልቃ የሙሽራዋ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። የተረፈ ኬክ አንስታ መብላት ጀመረች። መብራቱን ሌላ ወንበር ላይ አስደግፋው ስለነበር ብርሃኑ እሷው ላይ ወድቋል። ጋሽ ዞርበሉ ካሜራውን አነሳና ቀረጻት።

«ሁለት ደቂቃ ትሆናለች» አለኝ። «አፏ በኬክ ተሞልቷል። ‹አንተ ራስህ ዞር በል› እያለችኝ ትስቃለች። በካሜራዋ ትንሿ መስኮት ሁለቴ ተያይዘን አይተነዋል። የሙሽሮቹን ድርሻ ብቻ ከካሜራዋ በገመድ ገልብጬ አስረከብኩ። ከዚያ ካሜራዋ ውሃ ገባባትና ሞተች። አስጠግናለሁ ብዬ ዞርኩ፣ ዕቃዋ የለም አሉኝ።»

«ዲስኳን ሌላ ማጫወቻ ላይ ሞክረሃታል?»

«የቀረኝ ማጫወቻ የለም። ሁሉም ባዶ ናት ይለኛል። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ባዶ ነው ይለኛል።»

«የሌሎቹ ማሽኖች ሰነፎች ናቸው። የኔዎቹ አርጅተዋል ግን ትዕግሥት አላቸው።»

ፈገግ ሊል ሞከረ። ለቅሶ ቤት የተናገርነውን የሰማ ሰው እኔ ዘንድ መምጣቱ አሳፍሮኛል፤ ስለዚህ ነው ቀልዱን ያበዛሁት።

ዲስኳን ድራይቭ በሚባለው የኮምፒውተሩ ዲስክ ማንበቢያ ትሪ መሀል ላይ ባለችው ትንሿ ክብ ውስጥ አስቀመጥኳትና ከተትኳት። ድራይቩ አቃሰተ፣ ተሽከረከረ፣ ዝም አለ። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም።

ሊኑክስ ላይ ዲስክ ማስገባት ብቻውን ምንም አይደለም። እንግዳ በሩን አልፎ ቢገባም፣ ወንበር ስበህ ካላስቀመጥከው ቤቱ ውስጥ እንዳለ አይቆጠርም። አንድ ባዶ ፎልደር ትሰጠዋለህ፣ ዲስኩን ከፎልደሩ ጋር ታያይዘዋለህ፤ ማውንት ማድረግ የሚሉት ይሄን ነው። ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ራሱ ያደርገዋል። እምቢ ሲል ግን ጥቁሩን መስኮት ከፍተህ ትእዛዙን በእጅህ ትጽፋለህ።

ጻፍኩለት። ያልከው ፎልደር የለም አለኝ፤ ፈጠርኩለት። ይሄን ለማዘዝ ሥልጣን የለህም አለኝ፤ የባለቤቱን ፓስወርድ ሰጠሁት። የገዛ ሱቄ ውስጥ መታወቂያ አሳይ እንደመባል ነው፣ ግን ለምጄዋለሁ። ከዚያ አንድ ረጅም መልስ ተፋ።

«ምን ይላል?» አለ ጋሽ ዞርበሉ፣ ወንበሩን እየጎተተ።

«ወይ የዲስኳ ዓይነት ሌላ ነው፣ ወይ ትእዛዙ ተሳስቷል፣ ወይ ዲስኳ ተጎድታለች፣ ወይ ሌላ ነገር ነው ይላል።»

«ልብስ ሰፊዋን ይመስላል።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ድራይቩን ነው። የእንግሊዝኛ ትምህርት ያለበት አንድ አሮጌ ዲቪዲ ነበረኝ፤ እሱን ሳስገባው ወዲያው ተከፈተና አንዲት ሴት ደህና አደራችሁ ማለት ጀመረች። ድራይቩ ነፃ ወጣ። ትንሿን ዲስክ መለስኩና፣ ዲስኮች የሚጻፉባቸውን ሁለቱን ዓይነት ሥርዓቶች በየስማቸው እየጠራሁ በዚህ አያይዛት፣ እሺ በዚያ አያይዛት አልኩት። በሁለቱም እምቢ አለ። ቀጥሎ፣ ዲስክን ስለራሱ የምትጠይቅ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለች፣ እሷን አስነሳኋት። አንድ ገጽ ሙሉ ቁጥር ደረደረች። ከቁጥሮቹ መሀል አንዱን መስመር ሁለቴ አነበብኩት።

«ጋሼ፣ ይቺን ዲስክ ዘግተሃታል?»

እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል።

እነዚያ ካሜራዎች እንዲህ ናቸው፤ ቀርጸህ ስትጨርስ ዝጋ የምትል ቁልፍ ትጫናለህ። ያኔ ካሜራዋ ቁጭ ብላ የዲስኳን ማውጫ መጀመሪያው ላይ ትጽፋለች፤ ምን የት እንዳለ። ካልዘጋሃት ምስሉ አለ፣ ማውጫው ግን የለም። ሌላ ማሽን ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ማውጫውን ስለሆነ፣ ሲያጣው ባዶ ናት ብሎ ይደመድማል። ጋሽ ዞርበሉ ይሄን ከኔ በላይ ያውቃል። ቢያውቅም፣ ቦታ የተረፋት ዲስክ መዝጋት አይወድም ነበር። አንዴ ከተዘጋች ሌላ ነገር አይቀረጽባትማ። ሥራው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሦስት ደቂቃ የተረፋትን ለልደት፣ አምስት ደቂቃ የተረፋትን ለምርቃት እያለ ጫፏ እስኪደርስ ይሞላታል፤ የሚዘጋትም ያኔ ነው።

«ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቷት ነበር» አለ። «ፕላስተሩን የለጠፈችው እሷ ናት። ሞልታለች ብዬ እንዳልዘጋት። ዘጠኟን ደቂቃ አንድ ቀን አንድ ቦታ ሄደን እንሞላታለን ብላኝ ነበር።»

«የት ልትሄዱ?»

«የቱን እንደሆነ አልተነጋገርንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰርግ ነበረን።»

ፎቶ ኮፒ ፈልጎ የገባ ደንበኛ ነበር፤ ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ መለስኩት።

ማውንት ማድረግ እንደማይሆን ተቀበልን። አንድ መንገድ ግን ቀርቶናል። እንግዳው አልቀመጥም ካለ፣ እዚያው በር ላይ ቆሞ ያለውን ሁሉ እንዲናገር ማድረግ ነው። ማውጫውን ትተን ዲስኳን ከመጀመሪያው ነጥብ እስከ መጨረሻው እንዳለች ወደ አንድ ፋይል መገልበጥ። ለዚህ የሚሆን ፕሮግራም አለ፤ ማንበብ የሚችለውን ያነባል፣ ያልቻለውን ይዘልና በኋላ ተመልሶ ደጋግሞ ይሞክራል። አስጀመርኩት። ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ጋሽ ዞርበሉ እንደ እግር ኳስ ውጤት ቁጥሩን እየጠራ ይከታተላል። ሁለት ደቂቃ ወጣ፣ አምስት፣ ስምንት። የሰርጉ ቀረጻ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነው፤ እሷ የምትመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ድራይቩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጠረጴዛው ላይ የነበረ እስክሪብቶ ተንከባሎ ወደቀ። የማይነበበው ቁጥር እየበዛ፣ የሚነበበው እየቀነሰ መጣ። እጄን ድራይቩ ላይ ባስቀምጥ ውስጡ ንብ ያለ ይመስላል። አቆምኩትና ዲስኳን አወጣኋት።

ጥፋቱ ግልጽ ነበር፤ የፈራሁት መናገሩን ነው። ዲስክ በደቂቃ ሺህ ጊዜ የሚዞር ነገር ነው። በአንድ ጎኑ ፕላስተር ከለጠፍክበት ሚዛኑን ስቶ ይወዛወዛል። ጽሕፈቱ ደግሞ ከመሀል ተነስቶ ወደ ጠርዝ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ መጨረሻ የተቀረጸው ጠርዙ ጋ ነው፣ ውዝዋዜው የሚብሰውም እዚያው ነው።

«ጋሼ፣ ፕላስተሩ መነሳት አለበት።»

«የእጅ ጽሕፈቷ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ የላትም። የምትገዛውን ዕቃ እንኳ በቃሏ ነበር የምትይዘው።» ዲስኳን ተቀብሎኝ ገለበጣት። «ከተነሳ ትወጣለች?»

«አላውቅም ጋሼ።»

ይሄን ስለው ዓይኔን ያየኝ ሁኔታ እስከዛሬ አልጠፋኝም። ቀልደኛ ሰው አላውቅም ሲል ሰው ያምነዋል።

ራሱ ነው የላጠው። በትንፋሹ እያሞቀ፣ በጥፍሩ ጫፍ እያነሳ፣ እንደ ቁስል ከጠርዝ ከጠርዝ። ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ፕላስተሩ ለሁለት ተቆርጦ ወጣ። ቁርጥራጮቹን የመነጽሩ ቤት ክዳን ውስጥ፣ ቃሉ እንዲገጥም አድርጎ ለጠፋቸው።

ዲስኳ ተመልሳ ገባች። አሁን መንቀጥቀጡ ቀነሰ። አሥራ ሦስት ደቂቃ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ሰባት። አሥራ ሰባት ላይ ቆመ። ሁለት ደቂቃ የማናውቃቸው ሰዎች ጭፈራ ነው በእኛና በእሷ መሀል የቀረው።

ፕሮግራሙ እየተመላለሰ እንዲሞክር ሦስት ቀን ሳላጠፋው ተውኩት። ጠዋት ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ ጋሽ ዞርበሉ በሩ ላይ ቆሟል።

«ደረሰ?»

«አልደረሰም።»

ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ያልተቀየረውን ቁጥር ያያል። ልብስ ሰፊዋ ሁለቴ በሩ ጋ መጥታ አንገቷን አስግጋ ሄደች። በአራተኛው ቀን ድራይቩ ዲስኳን ራሷን ካደ። ድራይቩ ውስጥ ዲስክ የለም አለ። አውጥቼ ወደ ብርሃኑ ሳያት፣ ፕላስተሩ የነበረበት ጠርዝ ሞገድ ሠርቷል። የፕላስተሩ ሙጫ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እየሳባት አጣሟታል። እዚያች ሞገድ ሥር ነው ባለመብራቷ ኬኳን የምትበላው።

ነገርኩት። ሳላሳጥር፣ ሳላስረዝም።

«እንግዲህ» አለ፣ ዲስኳን ከእጄ እየተቀበለ። «እንግዲህ ደክማለች። ተዋት።»

ሌላ የምሰጠው ስላልነበረኝ፣ የወጣውን አሥራ ሰባት ደቂቃ እንየው አልኩት። የሰው ሰርግ ነው፣ ግን ባዶ እጁን ከሚሄድ ይሻላል ብዬ ነው። ፋይሉን ከፈትኩት። ማውጫ ስለሌለው ማጫወቻው ተንገዳገደ፣ ተንገዳገደና ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆነ። ምንም የለም፣ ነጭ ብቻ። ተበላሸ ብዬ ልዘጋው እጄን ሰደድኩ።

«ተው» አለኝ። «አትንካው።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ነጩ ወረቀት ነው። በግራና በቀኝ ጠርዙ ላይ ጣቶች አሉ፤ የቀኙ አውራ ጣት ጥፍሩ ጎን ጠቁሯል።

«መብራቱ ነው ያቃጠላት» አለ ጋሽ ዞርበሉ።

ከወረቀቱ ጀርባ የሴት ድምፅ መጣ። «በቃ?»

የወንድ ድምፅ፣ የሱ፣ ግን ወጣትነት ያለው፣ «ትንሽ ከፍ አርጊው። እህ። በቃ።»

ወረቀቱ መውረድ ጀመረ። ግንባሯ ታየ፣ የሻሿ ጠርዝ ታየ፣ ቅንድቧ ሊታይ ሲል ተቆረጠና የሰርግ መኪና መጣ።

ሰባት ሰከንድ ናት።

ምን እንደሆነ ያስረዳኝ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ ነው። ካሜራ ነጭን አይለይም፤ ነጩ ይሄ ነው ብለህ ካላሳየኸው የሙሽራ ቀሚስ ቢጫ ያደርግብሃል። ስለዚህ በየሰርጉ፣ ከሁሉ በፊት፣ ባለመብራቷ ነጭ ወረቀት ካሜራው ፊት ትይዛለች። እሱ ደግሞ ችኩል ስለሆነ ወረቀቱ ሳይወርድ መቅረጽ ይጀምራል። በኋላ ፊልሙን ሲያዘጋጅ የመጀመሪያ ሥራው እሷን ቆርጦ መጣል ነው።

«የሁሉም ሰርግ መጀመሪያ ላይ እሷ ነበረች» አለ። «እኔ ነኝ የምቆርጣት።»

«ሥራ ነው እኮ ጋሼ።»

«ሺህ ጊዜ ቆርጫታለሁ።»

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ባይመጣልኝ ይሻል ነበር። «ሌሎቹ ትንንሽ ዲስኮችስ? የዘጋሃቸው? የእነሱም መጀመሪያ ላይ እኮ አለች። ወረቀቱ ከዚህም በላይ ወርዶ ሙሉ ፊቷ የታየበት ይኖራል።»

ከዲስኮቹ በፊት የሠራባቸውን ካሴቶች ላያቸው ላይ ደጋግሞ ቀርጾባቸዋል። ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውን ሥራው ሲያልቅ ደምስሶታል። ዲስኮቹ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍባቸው ናቸው፤ አይደመሰሱም። ብድግ አለ። ከዚያ መልሶ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ዛፍ ላይ ናቸው» አለ።

እውነትም። ሰፈራችን ውስጥ ያለ ዛፍ ሁሉ ትንንሽ ዲስክ ተንጠልጥሎበታል። ወፍ ፍሬ እንዳይበላ፣ እያብለጨለጩ እንዲያስፈራሩ። እኔ ከየት እንደመጡ አስቤ አላውቅም። ደንበኛው ትልቁን ዲቪዲ ተረክቦ ሲሄድ፣ ትንንሾቹ ቤቱን እንዳያጣብቡ ብላ ለየጎረቤቱ ያደለቻቸው ባለመብራቷ ናት። በመብራቱ ዘንግ ጫፍ ክሩን እየሰቀለች፣ እሷው ናት ያንጠለጠለቻቸው።

የዚያን ቀን ከሰዓት ሱቄን ዘጋሁና ከግቢ ግቢ ዞርን። መሰላል እኔ ተሸከምኩ፣ መቀስ እሱ ያዘ።

«ምን ጠፍቶህ ነው ጋሼ?» ይሉታል።

«ዲስኬን ነው።»

ልብስ ሰፊዋ የሮማን ዛፏ ላይ ሦስት ነበሯት። «ወፍ ሊጨርስብኝ ነው እንዴ?» ብላ ወገቧን ይዛ ቆመች። ከዚያ ፊቱን አየችውና ገብታ የራሷን መቀስ አመጣችለት። «ይሄኛው ይሻላል ጋሽዬ፣ ክሩ ናይለን ነው።»

ሃያ ሦስት ዲስክ አገኘን። በሳሙና ውሃ አጥበን፣ በለስላሳ ጨርቅ አድርቀን ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርናቸው። ገና ሳላስገባቸው አውቄያለሁ። ግማሾቹ እንደ መስኮት መስታወት ወዲያ ማዶ ያሳያሉ፤ ፀሐይ የተጻፈባቸውን ሁሉ በልታዋለች። እሱም ያውቃል፣ ሙያው ነው። አንድ በአንድ አስገባናቸው። እያንዳንዷ ስትገባ ድራይቩ ይዞራል፣ ይፈልጋል፣ ዲስክ የለም ይላል።

«ምን ይላል?» ይለኛል።

አንድ ዓይነት ነገር ደጋግሜ ላለመናገር ቃል መቀያየር ጀመርኩ። አላየኋትም ይላል እለዋለሁ። የሚቀጥለውን፣ ትንሽ ልሞክር ይላል እለዋለሁ። አሥራ ምናምነኛዋ ላይ፣ ይቅርታ ይላል አልኩት። ማሽኑ ይቅርታ ብሎ አያውቅም።

የመጨረሻዋን ራሱ አስገባት። ሲያልቅ ምን ይላል ብሎ አልጠየቀኝም።

ዲስኮቹን ሰብስቤ ካርቶን ውስጥ ከተትኩና ምን ላድርጋቸው አልኩት። ለጎረቤቶቹ መልስላቸው አለኝ፣ ወፎቹ ፍሬያቸውን ይፈጁባቸዋል። ከዚያ ሰባቷን ሰከንድ ብቻ እንድቆርጥለት ለመነኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ እየተመላለሰች እንድትመጣ አድርጌ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ በሚሰካ ፍላሽ ላይ ጫንኩለት። ፍላሹን ኪሱ ከተተ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አየኝ።

«ድምፁን አልቀነስከውም አይደል?»

«አልነካሁትም።»

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳጠለቀች መጣች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በዚህ ጊዜ የእውነት ዝቅ አድርጋ።

«አንተ፣ ጋሽዬ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶበታል መሰለኝ። መጋረጃው ገርበብ ብሎ አየሁት። ነጭ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ እሱ ደግሞ ፊቱ ተቀምጦ ያየዋል። ትላንትም እንዲሁ ነበር። ሰው ማስቸገር አይወድም፤ ሄደህ እይለት እንጂ።»

ነገሩ ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ወረቀቱ፣ ጣቶቹ፣ ዛፎቹ። ብነግራት ስፌት ማሽኗ ሳምንት ሙሉ አይሠራም ነበር።

«አይቼለታለሁ» አልኳት። «ደህና ነው።»

«ነጭ እኮ ነው የሚያሳየው።»

«አዎ። ነጭ ነው።»

የምጨምረው ካለ ብላ ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ሱቋ ገባችና፣ ከግድግዳው ወዲያ የማሽኗ ድምፅ ተሰማ።